በዚህ ቤት «ኒ» የለም

ስቶክሆልም በገባሁ በሦስተኛው ዓመት አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞርኩ የመርዳት ሥራ ጀመርኩ። ጠዋት አስነስቶ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ቁርስ ማቅረብ፣ መድኃኒት መስጠት ነው። ሥራው አልከበደኝም። የከበደኝ አንዲት ትንሽ ቃል ነበረች፤ «ዱ»። በስዊድንኛ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም ያው «ዱ» ነው። ሐኪሙ ዱ፣ አለቃዬ ዱ፣ የ90 ዓመት አዛውንትም ዱ።

እኔ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። አባቴን እስከ ዕለተ ሞታቸው «አንቱ» እንዳልኳቸው ነው የተለያየነው። ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብሎ ከመቀመጫ መነሳት፣ ዕቃ ሲቀበሉ በሁለት እጅ መቀበል፣ ሲያናግሩን ዓይንን ሰበር ማድረግ፣ ይህን ሁሉ ማን እንዳስተማረኝ እንኳ አላስታውስም፤ ከእናቴ ወተት ጋር የገባ ነው። እዚህ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ ለብቻ ጠርታ «ሳናግርሽ ለምን አታዪኝም? የምትደብቂው ነገር አለ?» አለችኝ። ወለሉን እያየሁ የማዳምጣት አክብሬያት እንደነበር ለማስረዳት ያኔ ቋንቋው አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ስለዚህ «ኒ» የምትለዋን ቃል ሳገኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። «ኒ» እናንተ ማለት ነው፤ ግን ወጣት የሱቅ ሠራተኞች አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ቆመው ሳሉ «ኒ» ሲሏቸው ሰማሁ። ይኸው እርስዎን አገኘሁት አልኩ። በማግስቱ ከምረዳቸው አዛውንቶች ሁሉ በጣም የምወዳቸው አንዲት እናት ቤት ገብቼ በሙሉ ልቤ «ኒ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው።

(በስዊድንኛ የማወራቸው በ«ዱ» ነው። በአማርኛ ስጽፍ ግን «እሷ» ልላቸው እጄ እምቢ አለኝ፤ አንባቢ ይረዳኝ።)

የቡና ስኒያቸውን አስቀመጡና «በዚህ ቤት ‹ኒ› የለም» አሉኝ። ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ያን ቀን ሌላ ቃል ሳይነግሩኝ ሥራዬን ጨርሼ ወጣሁ። ምን እንዳጠፋሁ ግራ ገብቶኝ አደርኩ።

ነገሩን የነገሩኝ ከሳምንት በኋላ ነው። እናታቸው በወጣትነታቸው በአንድ ትልቅ እርሻ ቤት አገልጋይ ነበሩ። አገልጋይ ዓመቱ ሳይሞላ ጌታውን ጥሎ እንዳይሄድ የሚያስረው የስዊድን ሕግ የተሻረው በ1926 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልማዱ ግን ከሕጉ በኋላም ብዙ ቆይቷል። ያኔ የተከበረ ሰው «ዱ» አይባልም፤ «ኒ»ም አይባልም። የሚጠራው በማዕረጉ ነው። ፊት ለፊቱ ቆሞ «ዶክተሩ ቡና ይፈልጋሉ?» ይባላል፣ ሌላ ሰው ላይ እንደሚወራ። የሰውየው ማዕረግ ካልታወቀ ደግሞ ቃሉን ለማምለጥ «ቡና ይፈለግ ይሆን?» ተብሎ ዙሪያ ጥምጥም ይኬዳል። ማዕረግ የሌለው፣ ከታች ያለው ሰው ነው «ኒ» የሚባለው። የቤቱ እመቤት እናታቸውን «ኒ፣ ውኃ አምጪ» ይሏቸዋል፤ እናታቸው ደግሞ ለእመቤቲቱ «እመቤቲቱ ሌላ ነገር ይፈልጋሉ?» ይላሉ። ልጅ ሆነው ወጥ ቤት ጥግ ቁጭ ብለው ይህን ሲሰሙ አድገዋል። እኔ እርስዎ ብዬ ያመጣሁላቸው ቃል በእሳቸው ጆሮ ያ ነው።

በ1967 እ.ኤ.አ. ብሮር ሬክሴድ የሚባሉ የአገሪቱ የሕክምና ባለሥልጣን ኃላፊ፣ ሥራቸውን ሲጀምሩ ሠራተኛውን ሁሉ «ዱ» እንደሚሉና ራሳቸውም በስማቸው እንዲጠሩ ተናገሩ። ለውጡን እሳቸው ብቻቸውን አላመጡትም፤ ቀድሞም የተጀመረ ነገር ነበር። ግን ስማቸው ከዚያ ጊዜ ጋር ተያይዞ ቀረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሩ በሙሉ «ዱ» ሆነ። እኚህ እናት ያኔ ጎልማሳ ናቸው፤ በሥራ ቦታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃቸውን «ዱ» ያሉበትን ቀን ሲያወሩልኝ ፊታቸው እንደ ልጅ ያበራ ነበር። «ያን ቀን ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ» አሉኝ።

በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የማስበው ስለ ስዊድን አልነበረም። ስለ እኛ ቤት ነበር።

እኛ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ይኸው አሁንም «ነበረች» አልኩ። ከእናቴ ትበልጣለች እንጂ አታንስም፤ ፀጉሯ ሸብቶ ነበር። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ «አንቺ፣ ጫማዬን አምጪ» እላት ነበር። ማንም አልቆነጠጠኝም። ጎረቤታችን ያሉትን እሷን የሚያካክሉ ሴት «አንቺ» ብል ግን ጭኔ ይቀላ ነበር። እሷ ለአባቴ «እርስዎ»፣ ለእናቴ «እርስዎ»፣ ለእንግዳው ሁሉ «እርስዎ»። እንግዳ ሲመጣ ሁላችንም «ኖር» ብለን እንነሳለን፤ እሷ ስትገባ የተነሳ ሰው አላስታውስም፤ እሷ ራሷ ሳትቀመጥ ነው የምትውለው። እጃችንን ስታስታጥበን ጎንበስ የምትለው እሷ ነበረች። አሁን እኔ በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ የሰው እግር አጥባለሁ። አንድም ቀን ከታች እንዳለሁ እንዲሰማኝ ያደረገኝ ሰው የለም፤ በስሜ ይጠሩኛል፣ በስማቸው እጠራቸዋለሁ።

ይህን የምጽፈው አማርኛችንን ለማጣጣል አይደለም። «እርስዎ» ሲባል ልቤ ይሞቃል። ግን ትሕትናችን ሲወጣ አይቼ ሲወርድ አላየሁትም ነበር። ደግሞ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ቃሉ ራሱ አልያዝ አለኝ። እናቴን «አንቺ» ነው የምላት፤ ከአባቴ አሳንሼ አክብሬያት አይደለም። ፈጣሪን «አንተ» ብለን ነው የምንጸልየው፤ እመቤታችንንም «አንቺ»። የሠራተኛችን «አንቺ» ከእነዚህ ጋር አንድ ቃል ነው፤ አፋችን ውስጥ ግን አንድ አልነበረም።

ከእኚህ እናት ጋር ዋናው ትምህርቴ ከቃል ውጭ ነበር። እኛ ዘንድ ከትልቅ ሰው እጅ ዕቃ ተቀብሎ መሸከም ግዴታ ነው፤ ቆሞ የሚያይ ልጅ ባለጌ ነው። እኔም እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የሹራባቸውን ቁልፍ ሲታገሉ አይቼ ፈጥኜ ቆለፍኩላቸው። ምንም አላሉም። ሁሉንም ፈትተው ከላይ ጀመሩ። አምስት ቁልፍ ነው። የተመደበልኝ ጊዜ 30 ደቂቃ ነው፤ ስገባና ስወጣ በስልኬ ይመዘገባል፤ ቀጥሎ የምሄድበት ቤት ይጠብቀኛል። እሳቸው ግን አንዱን ቁልፍ ይዘው ቀዳዳውን ሲፈልጉ፣ ሲያመልጣቸው፣ እንደገና ሲይዙት እጄን አጣምሬ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ መቆም የለም። ሰውነቴ በሙሉ «ተቀበያቸው» ይለኛል።

ስዊድን ውስጥ የአዛውንቶች እንክብካቤ ሰው በክብር እንዲኖርና ደህንነት እንዲሰማው ማድረግ አለበት የሚል ድንጋጌ ከ2011 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ በማኅበራዊ አገልግሎት ሕጉ ውስጥ አለ። በሥልጠና ጊዜ አጥንቼው ፈተናም አልፌበታለሁ። የገባኝ ግን አምስተኛው ቁልፍ ተቆልፎ ቀና ብለው ሲያዩኝ ነው። «አሁን ቁርስ» አሉ።

በሩም እንዲሁ ነው። ቁልፉ በእጄ አለ፤ ግን አንኳኩቼ «ግቢ» እስኪሉኝ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ዘግይቼ ስለነበር ዝም ብዬ ከፍቼ ገባሁ። የሌሊት ልብሳቸው እንደተከፈተ አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ነበር። ሁለታችንም ፊታችንን አዞርን። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልደገምኩትም።

ስለ «ኖር» የነገርኳቸው አንድ የክረምት ጠዋት ነው፤ በረዶው መስኮቱን ሸፍኖት ነበር። «መነሳት ለማይችል ሰውስ?» ብለው ጠየቁኝ። ለማይችል ሰው መሞከሩ ራሱ በቂ ነው፣ ገቢው ሰው ቶሎ ብሎ «በእግዜር!» ይላል፣ «አይነሱ» ይላል፣ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ሳንኳኳ አንዳንዴ ከውስጥ ወንበሩ ሲንቋቋ እሰማለሁ።

ልጄ እዚህ ነው የተወለደው፤ ስድስት ዓመቱ ነው። አማርኛ ይናገራል፤ ግን አማርኛው ውስጥ «እርስዎ» የለም። በስልክ የእናቴን ጎረቤት፣ የ80 ዓመቱን አባባን «አንተ ስንት ዓመትህ ነው?» ሲላቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ድሮ ቢሆን እቆጣዋለሁ። ያን ቀን ስልኩን ተቀብዬ አባባን ይቅርታ ጠየቅኩና እናቴን «ምን ላድርገው?» አልኳት። «አትቆጪው ልጄ፣ ለእኔ ተዪው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ልጄን «አንቱ» ትለዋለች። ስልኩን ሲያነሳ «ጌታዬ፣ ደህና አደሩ?» ትለዋለች፣ «ቁርስዎን በሉ?» ትለዋለች። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ስልኩን በእጁ ከድኖ ወደ እኔ ዞረ።

«እማ፣ አያቴ ‹አደሩ› የምትለው እነማን ናቸው?»

ካጠገቡ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። አንድን ሰው ስናከብረው ብቻውን እንዳልሆነ፣ ብዙ እንደሆነ አድርገን እንጠራዋለን አልኩት። ግራና ቀኙን አየና፣ ስልኩን ወደ ጆሮው መልሶ፣ «አያቴ» አላት፣ «ሌሎቹም ደህና አድረዋል»።