በጉልቻው ዙሪያ

ደሴ፣ የካቲት

ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ወርደው ቢጥዱት ወደ 94 ይጠጋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ የውሃው መፍያ በአንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል።

ይህችን የሁለት ዲግሪ ልዩነት ደጋግሜ አስባታለሁ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስናው ኮምቦልቻ፣ ቋንቋውና ማኅበራዊ ሳይንሱ ደሴ ነው። ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ጥናት ሲታሰብ መሐንዲሱ ታች ውሃ ያፈላል፤ የሥነ ባህርይ ባለሙያው ላይ መጠይቅ ያስሞላል፤ የቋንቋው ሰው የሚጠራው መጠይቁን ለማስተርጎም ብቻ ነው። እንዲህ የተሠራ ጥናት ሁለት ሪፖርት ይወልዳል። አንዱ ምድጃው ማገዶ ይቆጥባል ይላል፤ ሌላው እናቶች ወደውታል ይላል። ከጓሮ የተከመረው እንጨት ግን እንደ በፊቱ ያልቃል። ሦስቱ ባለሙያዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ማድቤት፣ በአንድ ሚዛን ዙሪያ ካልተቀመጡ ይህ ጉዳይ አይፈታም ብዬ አምናለሁ። ያ ቀን እንዴት መዋል እንዳለበት ነው ዛሬ የምጽፈው።

መጀመሪያ፣ ውሃ ማፍላት ለምድጃው መልስ አይሆንም። ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ ነው። ምጣዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሸክላ ነው፤ ፊቱ እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ መጋል አለበት፤ ሸክላ ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። የመጀመሪያው እንጀራ ሳይጋገር ገና ምጣዱን ለማጋል ብቻ ብዙ እንጨት ይነድዳል። 10 እንጀራ የጋገረችና 30 የጋገረች ሴት የፈጁት ማገዶ ለየእንጀራው ሲካፈል አንድ የማይሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሊጡም የእንጀራው ቁጥርም ይወሰናል፤ አሮጌውን ጉልቻና አዲሱን ምድጃ በአንድ ዓይነት ሊጥ፣ በአንድ ምጣድ፣ በአንዲት ጋጋሪ እጅ መፈተን ነው። አዲስ ምጣድ ከሆነ በደንብ ይሟሽ። ያልሟሸ ምጣድ እንጀራ ይይዛል፤ ጋጋሪዋም እሳቱን ከፍ ዝቅ ስታደርግ ሚዛኑ ይበላሻል። የተሰነጠቀ አክንባሎም እንፋሎት ስለሚያስወጣ ዓይኑ ያልወጣ እንጀራ ያመጣል፤ ያኔ ጥፋቱ ለምድጃው ይሰጣል።

ሚዛኑ እስከ 30 ኪሎ የሚይዝ፣ በ10 ግራም የሚያነብ ይበቃል። በየማለዳው ክብደቱ በሚታወቅ ነገር ይፈተሽ። እንጨቱ ሳይነድ በፊት ይመዘናል፤ ካለቀ በኋላ ያልነደደው ፍልጥ ለብቻው፣ ከሰሉ ለብቻው ይመዘናል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከሰሉ ላይ ነው፤ ፍሙ እየነደደ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ በዓይናችን እያየነው ይቀልላል። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ቶሎ አፍኖ ማጥፋት ይሻላል። ውሃ ከተረጨበት ግን ክብደቱ ውሸት ይሆናል።

ከዚያ የነደደውን ወደ ደረቅ እንጨት ልክ የሚቀይረው ስሌት ይመጣል። የእንጨቱ የእርጥበት መጠን በ1.12 ተባዝቶ ከ1 ይቀነስና በነደደው እንጨት ክብደት ይባዛል፤ ከዚያ ላይ የተረፈው ከሰል በ1.5 ተባዝቶ ይቀነሳል። ለምሳሌ ያህል 6 ኪሎ እንጨት ነደደ፣ እርጥበቱ 15 በመቶ ነው፣ 400 ግራም ከሰል ተረፈ እንበል። 6 በ0.832 ሲባዛ 4.99 ይሆናል፤ 0.6 ሲቀነስ 4.39 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይቀራል። የተጋገረው እንጀራ 9 ኪሎ ቢመዝን ለአንድ ኪሎ እንጀራ 488 ግራም ማገዶ ፈጀ ማለት ነው።

አሁን ያንኑ እንጨት እርጥበቱ 30 በመቶ ነው ብሎ በስህተት የጻፈ ሰው 376 ግራም ያገኛል። ምድጃው ምንም ሳይሠራ 23 በመቶ ቆጠበ! እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው፤ የማገዶ ቆጣቢነት የተባለው ነገር ሁሉ በአንድ የተሳሳተ የእርጥበት ቁጥር ሊፈጠር ይችላል። በሾሉ ጥርሶቹ እንጨት ውስጥ የሚሰካው መለኪያ በአብዛኛው የሚያነበው ውሃው ከደረቁ እንጨት አንጻር ስንት እንደሆነ ነው፤ ስሌቱ የሚፈልገው ግን ከጠቅላላው ክብደት አንጻር ያለውን ነው። መለኪያው 25 ካለ ለስሌቱ የሚገባው 20 ነው፤ 0.25 ለ1.25 ሲካፈል። መለኪያውን ያላመነ ሰው የእንጨቱን ናሙና በ105 ዲግሪ በላቦራቶሪ ማድረቂያ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቀው፤ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። የፍልጡን ጫፍ ብቻ መለካትም አይበቃም፤ ባህር ዛፍ ላዩ ደርቆ መሃሉ ርጥብ ይሆናል። ፈልጦ ውስጡን መውጋት ነው።

ኩበት ሲገባ ሌላ ሥራ አለ። ደረቅ እንጨት በኪሎ 18 ሜጋጁል ገደማ፣ ከሰል 29 ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ ኩበት ከእንጨት ያነሰ ነው። የኩበትና የፍልጥ ኪሎን እንዳለ መደመር ስህተት ነው። በተናጠል ይመዘኑ፣ ወደ ሙቀት ይቀየሩ፣ ከዚያ ይደመሩ። ጭራሮና ቅጠልም እንዲሁ። እያንዳንዱን ፈተና ቢያንስ ሦስት ጊዜ መድገም ግድ ነው።

ስለ ምድጃው አሠራር ብዙ አልልም። «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አሸዋ ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ፣ ክፍል በክፍል ተገጣጥሞ ጭቃ የሚለቀለቅ ነው። የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶው ውሃ ሳይጠግብ ስለሚነድበት ነው፤ ቢያንስ ለ7 ቀን በጥላ ሥር እየረጠበ ይቆይ። በምጣዱና በምድጃው ከንፈር መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ጭሱም ሙቀቱም በዚያ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ የምጣዱ ስፋት ከምድጃው ጋር አልገጠመም ማለት ነው።

ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ ይረቃል። ወሎ እንግዳ ያከብራል። ቡናው ተፈልቶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ "ምድጃውን ይጠቀሙበታል?" ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ "አልጠቀምበትም" የሚል መልስ አያገኝም። ይህ ውሸት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። የሥነ ባህርይ ትምህርት ለዚህ ስም አለው፣ ሰው እየታየ ሲሠራ አሠራሩን እንደሚቀይርም ያስተምራል፤ ለእኔ ግን ይሉኝታ ከሁሉም የተሻለ ስም ነው፣ መፍትሔውንም ያሳያል። ይሉኝታ የሚነሳው መልሱ ሰውን ደስ ማሰኛ ወይም ማስቀየሚያ ሲሆን ነው። ስለዚህ አስተያየት ሳይሆን የሆነውን ነገር መጠየቅ ይሻላል፦ "እማማ፣ መጨረሻ የጋገሩት መቼ ነበር? ያን ቀን እሳቱን የት አነደዱት? ማን እንጨት አመጣ?" በጣም እስማማለሁ፣ በመጠኑ እስማማለሁ የሚለው ባለ አምስት ደረጃ መጠይቅ በማድቤት ውስጥ ባዳ ነው። 20 የባቄላ ፍሬ ሰጥቶ "ባለፈው ሳምንት ካነደዱት እሳት ስንቱ በጉልቻው፣ ስንቱ በምድጃው ነበር? ይከፋፍሉልኝ" ማለት የበለጠ ይናገራል። እየከፋፈሉ ሲያስቡ የሚያወሩት ነገር ደግሞ ከፍሬው ቁጥር ይበልጣል።

ከንግግሩ ጎን ትንሽ የሙቀት መዝጋቢ ይቀመጣል፤ አንዱ በምድጃው፣ አንዱ በአሮጌው ጉልቻ። አሮጌውን የረሳ ጥናት ግማሽ ጥናት ነው፣ ቤቶች አዲሱን ሲቀበሉ አሮጌውን አያፈርሱምና። የአዝራር ባትሪ የምታህለው መዝጋቢ ብዙ ጊዜ ከ85 ዲግሪ በላይ አትችልም፤ እሳቱ አጠገብ ከሆነች ትሞታለች፣ ከራቀች አትሰማም። ሙቀት በሚደርስበት፣ ነበልባል በማይነካው ውጫዊ ግድግዳ ላይ አስሮ ለሁለት ጋገራ መሞከር ነው። በየ10 ደቂቃው ብትመዘግብ ለእንጀራ ይበቃል። በበር የምትገባ የጠዋት ፀሐይ ግን እንደ እሳት ተመዝግባ ታሳስታለች።

እዚህ ላይ የቋንቋው ሰው ያስፈልጋል። አንዲት እናት "በ12 ሰዓት ጋገርኩ" ይላሉ። መረጃ ሰብሳቢው ታብሌቱ ላይ 12 ብሎ ይጽፋል፤ ታብሌቱ እኩለ ቀን አድርጎ ይወስደዋል። መዝጋቢዋ ደግሞ ሙቀቱን ያገኘችው በ6 ሰዓት ነው፤ እሷ በፈረንጅ ሰዓት ነው የምትቆጥረው። ቢሮ የተቀመጠው ተንታኝ የሴትዮዋ ቃልና መሣሪያው አልተስማሙም ብሎ ይጽፋል። እናትዬው ግን የነገሩት ትክክለኛውን ነው፤ ማለዳ 12 ሰዓት። የ6 ሰዓቷን ልዩነት ያልያዘ መዝገብ እውነተኛ ሰው ውሸታም ያደርጋል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰዓቱ በተነገረበት ቃል፣ ማለዳ፣ ረፋድ፣ ማታ ከሚለው ጋር ይጻፍ፤ ወደ መሣሪያው ሰዓት የሚቀየረው በኋላ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ በጳጉሜን የተመዘነ ማገዶ በአንዳንድ መዝገብ ውስጥ ቦታ ያጣል።

የድሮ ነገር ሲጠየቅም ዓመተ ምሕረት መጠየቅ አይጠቅምም። ዳገቱ ላይ ያለው ደን መቼ አለቀ ቢባል ማን በቁጥር ያስታውሳል? ከ66ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ፣ ከ77ቱ በፊት ነው በኋላ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ አለ። ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ መጠየቅ ይገባል። በወሎ እነዚህ ዓመታት የሐዘን መቁጠሪያ ናቸው፤ የጠየቀ ሰው ዝም ብሎ ለመስማት ጊዜ ይዞ ይምጣ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ አራት፣ አምስት ሰዓት ይፈጃልና ለዚህ በጀት ሳይያዝ ቀረጻ አይጀመር።

አሮጌው ጉልቻ ለምን አይፈርስም? መልሱ እንደ ከፍታው ይለያያል። በደሴ ዙሪያ ባለው ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ክፍት እሳት ቤት ያሞቃል፣ ልጆች ይሰበሰቡበታል፤ ሙቀቱን አምቆ የሚይዝ ምድጃ በዚህ በኩል ያጎድላል። በባቲና በከሚሴ ቆላ ደግሞ ያው መታመቅ ትልቁ በጎነት ነው። ለድግስ የሚጣድ ትልቅ ብረት ድስት በምድጃው ላይ አይቀመጥም። ያልተፈለጠ ግንዲላ በአፉ አይገባም፤ መጥረቢያ የሚያነሳ ሰው ከቤት ከሌለ አንዲት ባልቴት ጉልቻውን ቢመርጡ ምክንያታቸው ቴክኒካዊ ነው። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" የሚለውን ተረት ለውጥ ከመጥላት ጋር የሚያያይዙት አሉ። እኔ ግን ለመሐንዲስ የተሰጠ መመዘኛ አድርጌ ነው የምወስደው፤ ምግቡ እንዳይጎድል፣ እንጀራው ዓይን እንዲኖረው ከዚያ በኋላ ማገዶው ይቆጠር።

የቤቶቹ ብዛትም በግምት አይሆንም። የማገዶ ፍጆታ ከቤት ቤት 40 በመቶ ያህል የሚዋዥቅ ከሆነና 20 በመቶ ለውጥ ለማየት ከተፈለገ፣ 40 ለ20 ሲካፈል 2፣ በራሱ ሲባዛ 4፣ ለእንዲህ ያለ ስሌት በተለመደው ቁጥር በ16 ሲባዛ፣ ምድጃ ካላቸውም ከሌላቸውም ወገን 64፣ 64 ቤት ይመጣል። ግን የአንድ ጎጥ ሰዎች ከአንድ ተዳፋት ስለሚለቅሙ ይመሳሰላሉ። ከየጎጡ 10 ቤት ቢወሰድና መመሳሰሉ 0.1 ቢሆን፣ የተቀሩት 9 ቤቶች በ0.1 ተባዝተው 1 ሲደመርበት 1.9 ይሆናል፤ 64 በዚህ ሲባዛ በየወገኑ 122 ቤት። አንዱን ቤት በፊትና በኋላ መመዘን ይህን ቁጥር በእጅጉ ያቀልላል። የሦስት ቀን ሚዛን የሚባለው የተለመደ አሠራር ግን ለእኛ አገር ያጥራል። እንጀራ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ስለሚጋገር ሦስት ቀን አንዱን ቤት በአንድ ጋገራ፣ ሌላውን በሁለት ያገኘዋል። ሳምንት ሙሉ ይመዘን፤ ባቲ ከሆነ ሰኞ ገበያ ነውና የሰኞና የዋዜማው ማገዶ ለብቻው ይታይ። ረመዳንና የጾም ሳምንታት ከተራው ሳምንት ጋር አይደባለቁ።

ጭስ የሚለካ ከሆነ መሣሪያው ከምድጃው 1 ሜትር፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ45፣ ከበርና ከመስኮት 1 ሜትር ተኩል ርቆ ይሰቀል። የዓለም ጤና ድርጅት ለረቂቅ ብናኝ ያስቀመጠው የ24 ሰዓት ወሰን በሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም ነው።

ይህ ሁሉ የሚጀመረው በቅሬው፣ ማለትም በወሎው ዕድር በኩል ነው። የቀበሌ ደብዳቤ በር ያስከፍታል፤ ማድቤት የሚያስገባው ግን የቅሬው ዳኛ ነው። ሲጨርሱም ወደዚያው መመለስ ይገባል። በዚያ ስብሰባ በመቶኛ ማውራት አይረባም፤ በሳምንት ስንት ሸክም ቀነሰ፣ ስንት ጊዜ ጫካ መሄድ ቀረ፣ የትኛው ቤት ለምን አልቀነሰለትም የሚለው ነው የሚጠበቀው። የቤቱ ስም ግን አይነሳም።

የበጋው ሚዛን በቅርቡ ያልቃል። ሐምሌ ላይ እንጨቱ ርጥብ ነው፣ ኩበቱ አይደርቅም፣ የማድቤቱ በር ይዘጋል። የእርጥበት መለኪያው ባትሪና ክዳን ያለው ቆርቆሮ ከሰኔ በፊት መገዛት አለባቸው።