የፕሪንተሩ አድራሻ

መብራት ሄዶ ሲመጣ «ፕሪንተሩ ጠፋ» ከተባለ፣ ብዙውን ጊዜ የጠፋ ነገር የለም፤ አድራሻው ነው የተቀየረው። ኮምፒውተሮቹ አሁንም ወደ 192.168.1.107 (የፕሪንተሩ የቀድሞ የኔትወርክ አድራሻ) ይልካሉ፤ ለመሣሪያዎቹ ቁጥር የሚያድለው ራውተር ግን ሲነሳ 107ን ለአንድ ስልክ ሰጥቶ ፕሪንተሩን 112 አድርጎታል። ለስልክና ለላፕቶፕ በራስ ሰር የሚታደለው ቁጥር ይበቃል። ፕሪንተር ግን ቋሚ አድራሻ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱ ይታይ። ገመዱ የሚሰካበት ሶኬት መብራት ካልበራ ቁጥር መነካካት ዋጋ የለውም። ጫፉ በእጅ የተገጠመ ከሆነ የሽቦዎቹ ተራ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ነው። በ100 ሜጋቢት ፍጥነት የሚያስፈልጉት 1፣ 2፣ 3 እና 6ኛው ብቻ ስለሆኑ ቡናማው ቢበጠስም ፕሪንተሩ ያትማል። ጉዱ የሚወጣው በዚያው ገመድ ላይ ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) የሚፈልግ ኮምፒውተር ሲሰካ ነው።

ትልቁ ስህተት ቁጥር መምረጡ ላይ ነው። ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውስጥ የተመረጠ ቁጥር በዕለቱ ይሠራል። ፕሪንተሩ ጠፍቶ ባለበት ሰዓት አንድ እንግዳ ስልኩን ሲያገናኝ ግን ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ኅትመቱ አንዴ ይወጣል አንዴ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ የራውተሩን ዲኤችሲፒ (ቁጥር በራስ ሰር የማደል ሥራ) ገጽ ከፍቶ ማየት፤ የሚያድለው የመጨረሻ ቁጥር ከ100 እስከ 200 ከሆነ ለፕሪንተሩ 192.168.1.20 መስጠት። ፒንግ ተደርጎ (ወደ ቁጥሩ «አለህ?» የሚል መልእክት ተልኮ) መልስ መጥፋቱ ብቻ ቁጥሩ ነጻ መሆኑን አያሳይም፤ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣን መልእክት የሚያግድ ፕሮግራም) ያለበት ኮምፒውተር ዝም ሊል ይችላል። ከፒንጉ በኋላ የኮምፒውተሩ የኤአርፒ ሠንጠረዥ (የትኛው ቁጥር በየትኛው መሣሪያ እንደተያዘ የሚመዘገብበት) ይታይ።

ፕሪንተሩ ላይ፦ ኔትወርክ፣ ኢተርኔት፣ ቲሲፒ/አይፒ፣ ማኑዋል። ሰብኔት ማስኩ (የቢሮውን ኔትወርክ ወሰን የሚያሳየው) 255.255.255.0፣ ጌትዌዩ (ወደ ውጭ መውጫው) ደግሞ የራውተሩ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1። ጌትዌይ ወይም ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው) ቢሳሳትም እዚያው ቢሮ ውስጥ ማተም አይቋረጥም፤ ስካን አድርጎ በኢሜይል መላክ ግን እምቢ ይላል። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ከታየ፣ ፕሪንተሩ አድራሻ የሚሰጠው አላገኘም ማለት ነው፤ አንዳንዴ ምክንያቱ ራውተሩ ዘግይቶ መነሳቱ ብቻ ነው።

እኔ ፕሪንተሩ ላይ ከመጻፍ ይልቅ የምመርጠው ራውተሩ ላይ ቁጥሩን በማክ አድራሻ (ፋብሪካው ለመሣሪያው በሰጠው መለያ) ማስያዝ ነው፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይመዘገባልና። ብቻ የገመዱና የዋይፋዩ ማክ አድራሻ ይለያያሉ፤ መመዝገብ ያለበት የገመዱ ነው።

ዊንዶውስ ላይም በፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ፣ ፖርትስ በሚለው ስር አዲስ የቲሲፒ/አይፒ ፖርት (ኮምፒውተሩ ኅትመቱን የሚልክበት መስመር) በ192.168.1.20 ይከፈት። ፖርቱ አሮጌው 107 ላይ ከቀረ የሙከራው ገጽ ወረፋ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።