ፎርማት ሊደረግ ጫፍ የደረሰው የሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር

ሰኔ መጨረሻ ነው፣ የበጀት ዓመት መዝጊያ፣ ሂሳብ ክፍል ቀና የሚል ሰው የለም። ሰኞ ጠዋት ተጠርቼ ስሄድ የአካውንታንቷ ኮምፒውተር የዊንዶውስ ሎጎ ያሳይና ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ ሪስታርት ያደርጋል፣ ደግሞ ሰማያዊ። ከኔ በፊት የደረሰው ልጅ ዊንዶውስ ያለበት ፍላሽ ሰክቶ ፎርማት ሊያደርገው ነው፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ማለት ነው። እሷ አጠገቡ ቆማ "ወንድሜ በናትህ፣ የፒችትሪው ዳታ እዚህ ብቻ ነው ያለው" ትለዋለች፣ ፒችትሪ ሂሳቡን የሚይዙበት ፕሮግራም ነው። ባክአፕ የሚባል ነገር የለም።

ፍላሹን አስነቅዬ ኮዱን አነበብኩት፣ ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ ይላል፣ ዊንዶውስ የሚነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻለም ማለት ነው። ይሄን ያየ ሰው ቶሎ ዲስኩ ሞቷል ይላል፣ ግን ዲስኩ ቢሞት ሎጎው ራሱ ከየት ይመጣ ነበር? መጀመሪያ ፋይሎቹን የሚያነበው ዊንዶውስን የሚያስነሳው ቡትሎደሩ ነው፣ እሱም በባዮስ፣ ማለትም በማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም በኩል፣ ከዛ ከርነሉ፣ የዊንዶውስ ዋናው ክፍል፣ ሲረከብ ዲስኩን የሚፈልገው በራሱ ስቶሬጅ ድራይቨር፣ ከዲስኩ ጋር በሚያገናኘው ሶፍትዌር ነው፣ እዛች ርክክብ ላይ ድራይቨሩ ካልገጠመ ዲስኩ ደህና ሆኖ ቁጭ ብሎ እያለ ዊንዶውስ አያየውም። ቡት ሎግ፣ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጽፈውን መዝገብ፣ ማየት ሌላ ጊዜ ጥሩ ነው፣ እዚህ ጋ ግን አይጠቅምም፣ ሎጉ የሚጻፈው እዛው ዲስክ ላይ ነዋ።

"ምን ነክተሽ ነበር?" አልኳት። "ኧረ ምንም!" "ሰዓቱስ ደህና ነበር?" ስላት ነው ነገሩ የወጣው። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥለው ብለው ቅዳሜና እሁድ ሶኬቱን ይነቅሉታል፣ ሰኞ ሰኞ ሰዓቱ ወደኋላ ሄዶ ታገኘውና ታስተካክላለች፣ ዛሬ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ የሆነ እንግሊዝኛ መጣና ኤፍ ዋን ተጭና አለፈችው። ባዮስ ገባሁ። ዓመተ ምህረቱ የት እና የት! ዲስኩ በስሙ ቁጭ ብሏል፣ ሳታ ሞዱ፣ ማሽኑ ዲስኩን ለዊንዶውስ የሚያቀርብበት ሴቲንግ፣ ግን ሬይድ ላይ ነው። የማሽኑ ዲፎልት ሬይድ ነው፣ ዊንዶውሱ ደግሞ የተጫነው በሌላኛው ሞድ፣ በኤኤችሲአይ፣ የሁለቱ ድራይቨር ይለያያል። ሶኬቱ ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮሱን ሴቲንግ የሚይዘው የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ሴቲንጉ ሁሉ ወደ ዲፎልት ተመለሰ፣ ዊንዶውስ በድሮው ድራይቨር ሲነሳ ዲስኩን አጣው፣ በቃ ይኸው ነው። ወደ ኤኤችሲአይ መልሼ ሴቭ አድርጌ ስወጣ ተነሳ።

ሰዓቱ ሳይስተካከል ፒችትሪ እንዳትከፍቺ አልኳት፣ ግብይቱን በተሳሳተ ቀን መዝግባ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የካምፓኒውን ፎልደር መጀመሪያ ኤክስተርናል ላይ ገለበጥኩ፣ ከዛ ኬዙን ከፍቼ ባትሪውን በቴስተር ስለካው 3 ቮልት መሆን የነበረበት 1 ቮልት እንኳን በቅጡ የለውም። ሲአር 2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ናት፣ የትም ሱቅ ትገኛለች።

እኔን የሚያበሳጨኝ ፎርማት የሁሉ ነገር መድኃኒት መስሎ መታየቱ ነው፣ የሰው የዓመት ሥራ እኮ ነው የሚጠፋው። ልጁን አስቀምጬ አሳየሁት። ሞዱን አውቀህ ስትቀይርም መጀመሪያ ዊንዶውሱ ቀጥሎ በሴፍ ሞድ፣ መሠረታዊ ድራይቨሮችን ብቻ ይዞ፣ እንዲነሳ አድርግ፣ ከዛ ባዮስ ገብተህ ቀይር፣ ሴፍ ሞድ ላይ አስፈላጊውን ድራይቨር ራሱ ያነሳልሃል፣ ከዛ ወደ ኖርማል መልሰው አልኩት። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር የበራበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ባለ 48 ዲጂቱ ሪከቨሪ ኪይ እጅህ ላይ ሳይኖር ባዮሱን አትንካ።