ሱሉልታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

የሰፈሬ ሉካንዳ ባለቤት ዓመት ሙሉ የሾርባ ወዳጅ መስዬው ነበር። "ዶክተር፣ ዛሬም ቅልጥም?" እያለ ትኩስ የበግ ጭን አጥንት በፌስታል ይሰጠኛል። ለምን እንደምፈልገው ስነግረው ግን "ታዲያ ሥጋውንስ ማን ይብላው?" አለኝ።

የምፈልገው መቅኔውን ነው። መቅኔ ውስጥ አጥንት፣ ስብ ወይም ልም አጥንት መሆን የሚችሉ ጥቂት ስቴም ሴሎች አሉ። ልም አጥንት ማለት በመገጣጠሚያ ላይ ያለው ነጭና ሙልጭልጭ ነገር ነው። የደም ሥር የለውም። ስለዚህ አንዴ ካለቀ መልሶ ለመዳን ይቸግረዋል። የእናቴ ጉልበት ላይ ያለቀውም እሱ ነው።

የተማርኩት ውጭ አገር፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ከተማ ነው። ተመልሼ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ፣ አንዲት ትንሽ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ዕቃው ተሟልቷል። ሴሎቹ ግን እምቢ አሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ሳህኑ ይደፈርሳል፤ ባክቴሪያ ገብቶበታል። ረዳቴን ጠረጠርኩ። ጓንቱን፣ እጁን፣ ሳሉን ሳይቀር። አንድ ቀን ተቆጥቼ አስለቀስኩት።

መልሱ የመጣው ከእማዬ ድስት ነው። ከናዝሬት መጥታ እኔ ጋር ሰነበተች። "ኧረ ይሄ ሽምብራ ምን ነክቶታል? ቀኑን ሙሉ ጥጄው አልበስል አለ!" ትላለች። "ከፍታው ነው እማዬ። እዚህ ከናዝሬት 1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ውሃው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፤ ቢንተከተክም ሙቀቱ ያንሳል" ብዬ ማስተማር ጀመርኩ። መሃል ላይ ዝም አልኩ። ኦቶክሌቩስ?

ኦቶክሌቭ ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን ነው። ፕሮቶኮላችን "የግፊት መለኪያው 15 ሲል 121 ዲግሪ ደርሷል" ይላል። እውነት ነው፤ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ከሆነ። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የሱሉልታ አየር ስስ ነው። መለኪያው 15 ቢልም ውስጡ 116 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቆመው። እኛ ደግሞ ቴርሞሜትር አስገብተን አናውቅም። ወደ 19 ከፍ አደረግነው።

ሴሎቹን የምናሳድግበት ሙቅ ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩም ያው ነበር። 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለው ቁጥር እዚህ ያነሰ ጋዝ ማለት ነው። የሴሎቹ ፈሳሽ ሁልጊዜ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ለዚህ ኖሯል። ወደ 7 በመቶ ስንጠጋ ቀይ ሆነ። ረዳቴን ይቅርታ ጠየቅኩት። ክትፎ አስከፈለኝ፤ ይገባዋል።

ሌላው ኪሳራ የመብራት ነው። አንድ ክረምት መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ የፍሪዘራችን ሴል በሙሉ አለቀ። ያዳነን ላሞች የሚያዳቅል ቴክኒሻን ነው። የኮርማ ዘሩን በፈሳሽ ናይትሮጅን ጋን ይዞ መንደር ለመንደር ይዞራል። ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው፤ መብራት አይጠይቅም። ዘንግ ነክሮ ሲያወጣ በረዶ የያዘውን ርዝመት አይቶ መጠኑን ያውቃል። እኛም አሁን ዘንግ አለን።

በመጨረሻ ሴሎቹ 21 ቀን ቆይተው ትንሽ እንክብል ሠሩ። ልም አጥንትን ሰማያዊ በሚያደርገው ቀለም፣ በአልሺያን ብሉ ስናቀልማት ሰማያዊ ሆነች። ልም አጥንት! እማዬ ስትሰማ "መርፌውን መቼ ትወጊኛለሽ?" አለች።

ከባዱ ይሄ ነበር። ቱቦ ውስጥ ልም አጥንት የሆነ ሴል ሲቆይ ወደ አጥንት ማዘንበል ይወዳል። እነዚህን ሴሎች የያዘ መርፌም ያለቀ ጉልበት ላይ ልም አጥንት መልሶ እንደሚያበቅል እስካሁን አልተረጋገጠም፤ በየአገሩ ግን በውድ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 ለእነዚህ ሴሎች "ሜዘንካይማል ስቴም ሴል" የሚለውን ስም ያወጣው ተመራማሪ አርኖልድ ካፕላን ራሱ፣ በ2017 ስሙ ይቀየር ብሎ ጽፏል። ሥራቸው በአብዛኛው ለሌሎች ሴሎች መልእክት መላክ እንጂ ራሳቸው ልም አጥንትን የመሰለ ቲሹ መሆን አይደለም ባይ ነበር።

"አልወጋሽም እማዬ" አልኳት።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?"

ተኮራረፍን። በማግስቱ ወንበር ላይ አስቀምጬ የጭኗን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሳየኋት። እግሯን ዘርግታ አሥር እስክትቆጥር እንድትይዝ ነገርኳት። ቁጥር ስለማትወድ በ"እግዚኦ ማረነ ክርስቶስ" ነው የምትቆጥረው። 12 ሳትሞላ አታወርድም።