የሴቶቻችንን ማጣሪያ ከሀዋሳ ሆናችሁ ለመከታተል ላሰባችሁ

የኢትዮጵያ ሴት ሯጮችን የኦሎምፒክ ማጣሪያ ከሀዋሳ ሆኖ ለመከታተል ፈተናው ኢንተርኔትና መብራት ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም፤ ፈተናው ሰዓቱን ማወቅ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቤም ንዴቴም ይተርፈኝ ነበር።

የማወራው ስለ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ማጣሪያ ነው። ውድድሩ ማክሰኞ ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በኔዘርላንድስ ሄንግሎ ከተማ ተካሄደ። የእኛ ማጣሪያ ለምን ባሕር ማዶ ይሄዳል ለሚል፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ሀዋሳችን እንኳ ወደ 1,700 ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ የረጅም ርቀት ሰዓት ይዘገያል። ለሴቶች 10 ሺህ ሜትር የተቀመጠው ሚኒማ፣ ማለትም ኦሎምፒክ ለመግባት መሟላት ያለበት ሰዓት፣ 31 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለሴቶቻችን ሚኒማው ጭንቀት አይደለም። ጭንቀቱ ከአንድ አገር ሦስት ብቻ መሰለፋቸው ነው። ስለዚህ ማጣሪያ ስታዩ ዓይናችሁን ከመሪዋ አንሡና ሦስተኛዋንና አራተኛዋን ተመልከቱ። ኦሎምፒክ የሚገባውና የሚቀረው እዚያ መካከል ነው። ተንታኞች ግን ስለ አሸናፊዋ ብቻ ሲያወሩ ያመሻሉ።

በታቦር ተራራ ሥር ጠዋት ጠዋት የሚለማመዱ ታዳጊ ሴቶችን በትርፍ ጊዜዬ እረዳለሁ። ውድድሩን በትልቅ ስክሪን ላሳያቸው ተነሣሁ። ፒያሳ አካባቢ ጄኔሬተር ያለው ካፌ አገኘሁ፣ ፕሮጀክተር ተከራየሁ፣ የኢንተርኔት ጥቅል ገዛሁ። የካፌው ባለቤት ሐሳባቸው ሁሉ ዓርብ በሚጀምረው የአውሮፓ እግር ኳስ ዋንጫ ላይ ነበርና «ሃያ አምስት ዙር ሙሉ ማን ቁጭ ብሎ ያያል?» ብለው ቢያመነቱም ፈቀዱልኝ። ልጆቹ በጉጉት ተቃጥለው ነበር። ከሁለት ቀን በፊት፣ እሑድ፣ እዚያው ሄንግሎ ላይ ሲፋን ሐሰን በ29:06.82 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር። አንዷ «ጋሼ፣ ሲፋን የእኛ ናት የእነሱ?» አለችኝ። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጥ ናት ብዬ መለስሁላት፤ መልሱ እንዳላረካት ከፊቷ አየሁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ጊዜው የኮሮና ስለነበረ ልጆች ለመሰብሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልሁና ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ስሙን አልጠራውም። ኃላፊው «ደብዳቤ ያምጡ» አለኝ። ከማን? ከእነሱ። ከእናንተ ከሆነ እኮ እናንተው ዘንድ ቆሜያለሁ ብዬ ስነግረው «ጥያቄዎን በደብዳቤ ያቅርቡ፣ ፈቃዱን በደብዳቤ እንሰጥዎታለን» አለ። እሺ፣ ጻፍሁ። ሰነድ ክፍል አስመዘገብሁ። ማኅተም የያዘችው ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ናት ተባልሁ፤ ስትመለስ ደግሞ ፈራሚው ወጥቷል። ይህ ሁሉ በአገራችን የተለመደ ስለሆነ ቻልሁት። ያልቻልሁት ቀጥሎ የመጣውን ነው።

ፈቃዱን ስቀበል የውድድሩን ሰዓት ጠየቅሁ። ኃላፊው ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ የርቀቶቹ ዝርዝር አለ፤ በየርቀቱ ፊት አንድ ቁጥር ብቻ ተቀምጧል። ቀን ይሁን ማታ፣ የእኛ አቆጣጠር ይሁን የፈረንጅ፣ የሄንግሎ ሰዓት ይሁን የአዲስ አበባ አይልም። «ይህ የማን ሰዓት ነው?» አልሁት። «የውድድሩ ሰዓት ነዋ!» አለኝ። ቀን ነው ማታ? «ከቀኑ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ። እንዲደውልና እንዲያጣራ ለመንሁት። «ከላይ የመጣልን ይኸው ነው፤ ከዚህ ውጭ የሚወራውን አይመኑ» ብሎ አሰናበተኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የስፖርት ቱታቸውን አጥበው ለብሰው መጡ። ካፌው ሞላ። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ሌላ ሰዓት ጠበቅን። ወደዚያ መሥሪያ ቤት ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። በመጨረሻ ከቡድኑ ጋር ሄንግሎ የነበረ አንድ የማውቀው አሠልጣኝ በመልእክት መለሰልኝ፦ ሴቶቹ ገና አላሟሟቁም፣ ሩጫው ማታ ነው። መሸት ሲል እናቶች ልጆቻቸውን ሊወስዱ መጡ። ሴት ልጅን በጨለማ ከፒያሳ እስከ አቶቴ ብቻዋን ላኪ ማለት አልችልም፤ ትክክል ናቸው። ቤታቸው ከካፌው አጠገብ የሆነ ሁለት ልጆች ብቻ ቀሩ።

የዚያን ምሽት ለተሰንበት ግደይ 10 ሺሁን በ29:01.03 ጨረሰች። የሲፋን ክብረ ወሰን ሁለት ቀን ብቻ ቆይቶ ከአምስት ሰከንድ በላይ ተቆረጠ። በ5 ሺህም 14:06.62 የእሷ ነበርና ሁለቱን ክብረ ወሰኖች በአንድ ጊዜ ያዘች። ምስሉ እየቆመ እየሄደ፣ ሁለቱ ልጆች የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አዩ። ሌሎቹ በማግሥቱ ከሬዲዮ ሰሙ። ከለተሰንበት ጋር ጽጌ ገብረሰላማና ጸሐይ ገመቹ ቶኪዮ ሄዱ፤ ለተሰንበት ነሐስ ይዛ ተመለሰች። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንን ኃላፊ መንገድ ላይ ሳየው ሰላም የምለው ጥርሴን ነክሼ ነው።

«ከኦፊሴላዊ መግለጫ ውጭ አትመኑ» የሚለውን ምክር አትስሙ። መጀመሪያ አዘጋጁ ስታዲየም የሚያወጣውን መርሐ ግብር፣ ቀጥሎ እዚያ ያለ አሠልጣኝ የሚላችሁን እመኑ፤ የአገር ቤቱን ወረቀት በመጨረሻ እዩት። በበጋቸው የኔዘርላንድስ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይዘገያል፤ በዚያ ላይ እነሱ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ። ስለዚህ የእነሱ 20:00 ለእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ምስሉ ሲቋረጥ አትናደዱ፤ የየዙሩን ሰዓት በቁጥር የሚያሳየው የቀጥታ ውጤት ገጽ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል፣ ሦስተኛዋንና አራተኛዋን ለመለየትም ከካሜራው ይሻላል። የሴቶች ሩጫ ማታ ከሆነ ደግሞ ወላጆችን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ልጆቹን የሚመልስ ባጃጅም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለፕሮጀክተር ቀብድ የምትከፍሉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን። የእኔ ኪራይ የተቆጠረው ከቀትር ጀምሮ ነበር፤ ባለ ፕሮጀክተሩ ወረቀቱን ባሳየውም አንድ ብር አልቀነሰልኝም።