ያቺ ባለ ሦስት ማዕዘን ቤት

ዛሬ ከሥራ ስወጣ መንገዴን ቀይሬ ወደ ባላርድ ሰፈር ሄድኩ። ሲያትል ስኖር ስንት ዓመቴ፣ ያቺን ባለ ሦስት ማዕዘን ቤት ግን አይቻት አላውቅም ነበር። ትንሽዬ ናት። ሳታስተውሏት ልታልፏት ትችላላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1988 እዚህ ሬሲፕሮካል የሚባል ስቱዲዮ ነበር። የአሜሪካ የሮክ ባንድ የሆኑት ኒርቫናዎች የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸውን «ላቭ በዝ»ን የቀረጹት እዚሁ ነው፤ ቀራጩ ጃክ ኢንዲኖ። ዘፈኑ የራሳቸው እንኳን አይደለም። ሾኪንግ ብሉ የተባለ የሆላንድ ባንድ በ1969 ያወጣው ነው። እነሱ ግን አክርረው፣ አሻክረው የራሳቸው አደረጉት። ያ የቤዝ ጊታር ተጫዋቻቸው የክሪስት ኖቮሴሊች መግቢያ እስካሁን ልቤን ያርደዋል!

ሰብ ፖፕ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ በኖቬምበር 1988 በሸክላ አወጣው። አንድ ሺህ ቅጂ ብቻ፣ እያንዳንዱ ላይ ቁጥሩ በእጅ የተጻፈበት። ጀርባው ላይ «ቢግ ቺዝ» ነበር። በዓመቱ «ብሊች» አልበም ሲወጣ አሜሪካ ላይ «ላቭ በዝ» ገባ፤ እንግሊዝ ላይ ግን በቦታው «ቢግ ቺዝ»ን አስገቡት።

አንድ ሺህ ሸክላ! አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲጽፍ አሰብኩት። በሩ ጋ ቆሜ ዘፈኑን በኢርፎን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ ዝናብ ጀመረ።