ትንሿ «ዲ»

አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ቀስ ይላል። በ1927 እዚያ 180,000 ባለ 20 ዶላር የወርቅ ሳንቲሞች ተመርተዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ መኖራቸው የሚታወቀው 20 እንኳ አይሞሉም።

እኔ ያለኝ የ1924ቱ ነው፣ የፊላደልፊያ ሥራ። መልኩ አንድ ነው። ችቦና የወይራ ዝንጣፊ ይዛ የምትራመድ ሴት፤ በጀርባው ከፀሐይ በላይ የሚበር ንስር። የቀራፂው የኦገስተስ ሴንት ጎደንስ ሥራ ነው። ክብደቱም አንድ ነው፦ 33.4 ግራም፣ ከአሥር ዘጠኝ እጁ ወርቅ፣ የቀረው መዳብ። ከዓመቱ ሌላ የዴንቨሩን የሚለየው ከዓመቱ በላይ ያለች ትንሽ «ዲ» ብቻ ናት፤ የዴንቨር ምልክት ናት። ለሷ ሲባል ጨረታ ላይ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈላል። የኔ ዋጋ ግን ከያዘው ወርቅ ብዙም አይርቅም።

ልዩነቱን ያመጣው 1933 ነው። ኤፕሪል 5 ቀን ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ሕዝቡ የወርቅ ሳንቲሙን እንዲያስረክብ አዘዙ። ለሰብሳቢዎች የተለየ ዋጋ ያላቸው ብርቅ ሳንቲሞች ግን ተፈቀዱ። መንግሥት እጅ የገባው ቀልጦ ጡብ ሆነ። የዴንቨሮቹም አብዛኞቹ በዚያው ቀሩ። የ1924ቱ ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ ቀድመው ውቅያኖስ ተሻግረው አውሮፓ ባንኮች ገብተው ስለነበር ተረፉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሱ። የኔም ከነሱ አንዱ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ስለዚህ ስንት እንደተመረተ ሳይሆን ስንት እንደተረፈ ነው የማየው። የ1924ቱን «ብርቅ ነው» ብሎ በእጥፍ የሚሸጥላችሁ ካለ ትታችሁት ሂዱ። ወርቅ ማስቀመጥ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ለወርቁ ብቻ ክፈሉ።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 10 ዶላር ሳንቲም እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ከወርቁ ዋጋ በላይ 400 ዶላር ጨመርኩበት። ለደረጃ መዳቢዎች ስልከው «ታጥቧል» ተብሎ ተመለሰ። ለጥራት ከ1 እስከ 70 የሚሰጠውን ቁጥር እንኳ አላገኘም። በጣም አዘንኩ። ሻጩ ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። አሁን ማንኛውንም ሳንቲም መብራት ሥር ዘንበል እያደረግሁ አያለሁ። ያልተነካ ከሆነ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንደ መንኮራኩር ይዞራል። የተወለወለ ከሆነ ቀጫጭን ጭረቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይታያሉ። እባካችሁ፣ አያት የተወላችሁን ሳንቲም በጨርቅ እንኳ አትጥረጉት።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። የኔን 1924 ግን ዛሬም ሳወጣው ልቤ ይመታል።

ቀጥሎ የማጠራቅመው ለ1909ኟ ባለ 5 ዶላር ነው። የቤላ ላይን ፕራት ንድፍ ነው። የአሜሪካ ነባር ተወላጁ ምስል እንደ ሌሎቹ ወደ ላይ አልወጣም፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ ነው የተቀረጸው። ዴንቨር በዚያ ዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ስላመረተች ዋጋዋ ለኔ አቅም ይሆናል። በጀርባዋም ያቺው ትንሿ «ዲ» አለች።